የቆሎው መጠቅለያ የሰው መታወቂያ ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባሕር ዳር ውስጥ በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ሥራ ስተዳደር 11 ዓመቴ ነው። ባለፈው እሑድ አመሻሽ ላይ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ጣና ዳር ስወርድ ከአንዲት ትንሽ ልጅ ቆሎ ገዛሁ። በልቼ ስጨርስ መጠቅለያውን ዘረጋሁት። ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ አባት ቀና ብለው አዩኝ። የመታወቂያ ኮፒ ነው። ሙሉ ስማቸው፣ የቤት ቁጥራቸው፣ ስልካቸው፣ አደጋ ቢደርስ የሚጠራው ሰው ስም ሳይቀር ይነበባል። የለውዙ ቅባት ግንባራቸው ላይ ወዝቷል።

«ወረቀቱን ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«በኪሎ ነው የምንገዛው፣ እትዬ።»

በቅርጫቷ ሥር የቀረውን በሙሉ ገዝቼ ቤቴ ወሰድኩና ከሰል ምድጃው ላይ አቃጠልኩት። ሁለት የዋስትና ቅጽና አንድ የሕክምና ማስረጃ ነበረበት። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ እሷ የሸጠችው ቆሎ ነው። የምወቅሰው ያን ወረቀት ከሰው ተቀብሎ፣ ፋይል አድርጎ፣ በኋላ እንደ ቆሻሻ በኪሎ ያስረከበውን መሥሪያ ቤት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ የራሴን ኮምፒውተር ፈተሽኩ። የፍቺ ውሳኔ፣ የቤት ካርታ፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የፋይዳ መታወቂያ፤ ሰዎች በፍላሽና በቴሌግራም ያመጡልኝ ሁሉ በየስማቸው ተቀምጧል። ማንም አስቀምጪልኝ ሳይለኝ ያስቀመጥኩት ነው። ይልቁንም እንቅልፍ የነሣኝ ከሦስት ዓመት በፊት የሸጥኩት አሮጌው ኮምፒውተር ነው። ፋይል ሲሰረዝ ከዓይን ይጠፋል እንጂ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ይቆያል፤ የሚያውቅበት ሰው መልሶ ያወጣዋል። ያን ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር። የይለፍ ቃል የተሰረቀበት ሰው ሌላ ያወጣል፤ የተወለደበትን ቀንና የእናቱን ስም ግን በምን ይለውጣል?

ሕግ የለም እንዳንል ሕጉ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትንና ማባዛትን ይከለክላል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በሰው ኮምፒውተር ያለ ፈቃድ የሚገባን ይቀጣል። ይህን ብዙ ሰው ሰምቶታል። ሰርጎ መግባት ሳያስፈልግ፣ እኛው በእጃችን የሰጠነው መረጃ ሲባክን የሚመለከተው ግን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ ያዛል፤ ባለቤቱም እንዲታረምለት ወይም እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት አለው። መረጃው በሌላ እጅ ከገባ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ማሳወቅ ግዴታ ነው። ስለዚህ አዋጅ በሥራዬ ላይ ሆኜ አንድም ቀን የነገረኝ ሰው የለም፤ የንግድ ፈቃዴን በየዓመቱ ሳሳድስም ቢሆን።

በየቢሮው «ኮፒ አምጪ» ማለት ልማድ ሆኗል። መታወቂያውን አይቶ ቁጥሩን መመዝገብ በሚበቃበት ቦታ ኮፒ ለምን ይጠየቃል? ይህን ስል ገበያዬን በገዛ እጄ እየቀነስኩ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግማሹ ገቢዬ የመታወቂያ ኮፒ ነው። ቢሆንም እላለሁ። የተሰበሰበው ወረቀትም ሳይቀደድ ከግቢ መውጣት የለበትም።

አሁን ሥራው እንዳለቀ ፋይሉን ደንበኛው እያየ አጠፋለሁ። ሁሉም ግን ደስ አይለውም። አንዲት እናት «ልጄ፣ ዛሬ ካጠፋሽው ነገ ስመጣ ከየት ታወጪልኛለሽ?» ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው፤ በዓመት አራት ጊዜ ያንኑ ወረቀት የሚጠይቃቸው ቢሮ አለ። ዋናውን ከነኮፒው በፖስታ አሽጌ ሰጠኋቸው።

አዋጁን እንዲያስፈጽም ሥልጣን የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚገኘው አዲስ አበባ፣ ከእኛ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። መታወቂያቸው የቆሎ መጠቅለያ የሆነባቸው አባት እዚህ ባሕር ዳር አቤት የሚሉት ለየትኛው ቢሮ እንደሆነ፣ አዘጋጆች ሆይ፣ ጠይቃችሁ መልሱን በጋዜጣችሁ አውጡልን።

የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፣
ከባሕር ዳር