ታንኳ ይዘው ኒው ዮርክ የገቡት ሕዝቦች

ክቡር አዘጋጅ፦

የምኖረው ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከገፈርሳ ግድብ ብዙም ሳልርቅ ነው። ማለዳ ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ተራ የሚጠብቁ እናቶችን እያየሁ ስለማልፍ፣ የግድብን ጥቅም አልክድም። ይሁን እንጂ ግድብን የተቃወመ ሁሉ የልማት ጠላት ነው የሚለው፣ ደጋግሜ የምሰማው አስተያየት ፍትሕ የጎደለው ስለሆነብኝ፣ በካናዳ የሚኖሩትን የክሪና የኢኑዊት ሕዝቦች ላስታውስ እወዳለሁ።

ሃይድሮ ኩቤክ የተባለው፣ የካናዳዋ ክፍለ ሀገር የኩቤክ መንግሥት የኤሌክትሪክ ድርጅት በግሬት ዌል ወንዝ ላይ ግድቦች ለመሥራት ሲነሣ፣ እነዚህ ሕዝቦች ድንጋይ አልወረወሩም። በ1990 እ.ኤ.አ. ግማሹ የክሪ ታንኳ፣ ግማሹ የኢኑዊት ካያክ (ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ) የሆነ፣ ስሙም ከሁለቱ ቋንቋ ተገጥሞ «ኦዴያክ» የተባለ ጀልባ ሠርተው፣ ከሐድሰን የባሕር ወሽመጥ ተነሥተው የኤሌክትሪኩ ገዢ ወደ ነበረው ኒው ዮርክ ወረዱ። (የሁለት ሕዝብ ጥበብ በአንድ ጀልባ መጋጠሙ ብቻውን ስንት ንግግር ያክላል!) ቀደም ሲል እዚያው ኩቤክ ውስጥ በተሠሩት የጄምስ ቤይ ግድቦች ሳቢያ በዓሣቸው ውስጥ ሜርኩሪ የተባለው መርዛማ ብረት ጨምሮ ስለነበር፣ ሥጋታቸው በማስረጃ የተደገፈ ነበር። በ1992 ኒው ዮርክ የኤሌክትሪክ ግዢ ውሉን ሰረዘች፤ በ1994 ደግሞ የኩቤክ ጠቅላይ ሚኒስትር ዣክ ፓሪዞ ዕቅዱን አቆሙት።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ ስለ ግድብ ሲዘግብ፣ ከመሐንዲሱና ከባለሥልጣኑ ጎን መሬቱ ለሚዋጥበት ገበሬም ዓምድ እንዲሰጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የቡራዩ ነዋሪ