ዕድሜው ያለፈ ሰርቨር «ኔትወርክ የለም» ሲል

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ አሮጌ የሂሳብ ፕሮግራም የሚሠራበትን ሰርቨር እንደ አዲስ ስንጭን የገጠመን ነገር ነው። ፕሮግራሙ ሴንትኦኤስ 7 ከሚባለው የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሌላ ስለማይቀበል እሱኑ ጫንን፤ ፓኬጅ (የሶፍትዌር ጥቅል) ለማውረድ ስንሞክር ግን የሚረሮቹን፣ ማለትም የፓኬጆቹ ቅጂ የሚወርድባቸውን ሰርቨሮች፣ ዝርዝር የሚሰጠው አድራሻ ሊገኝ እንዳልቻለ የሚገልጽ መልእክት መጣ። መልእክቱ ለማንም ሰው የኔትወርክ ብልሽት ነው የሚመስለው፤ ስለዚህ አብሮኝ የሚሠራው ወጣት የዲኤንኤስን (ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን አገልግሎት) አድራሻ ሁለት ጊዜ ቀየረ፣ ኬብሉን ነቅሎ ሰካ፣ በመጨረሻም ኢንተርኔት አቅራቢው ዘንድ ደወለ። ከዚያው ሰርቨር ላይ ሌሎች አድራሻዎችን ፒንግ አድርገን (መልስ ይሰጡ እንደሆነ ሞክረን) ያለ ችግር ሲመልሱ ነው የነቃነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሴንትኦኤስ 7 ድጋፍ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. አብቅቶ የዝርዝር አድራሻው ከአገልግሎት ወጥቷል፤ ፓኬጆቹ ግን «ቮልት» ወደሚባለው ማኅደር ተዛውረው እስካሁን አሉ። መፍትሔውም ከባድ አይደለም፤ ፓኬጅ ከየት እንደሚወርድ በሚገልጸው የሪፖዚተሪ ፋይል ውስጥ «ሚረርሊስት» በሚለው መስመር ፊት የሀሽ ምልክት (#) አድርጎ መዝጋት፣ «ቤዝዩአርኤል» ከሚለው ፊት ያለውን ምልክት አንሥቶ አድራሻውን ወደ ቮልት ማዞርና ስሪቱን 7.9.2009 ብሎ መጻፍ፣ ከዚያም የቆየውን ካሽ (ቀድሞ የተከማቸውን መረጃ) ማጽዳት ብቻ ነው። ኢፔል የተባለውን የተጨማሪ ፓኬጆች ስብስብ የሚጠቀሙም ለብቻው ወደ ፌዶራ ማኅደር ማዞር አለባቸው፤ እኛ ይህን ዘንግተን ሌላ አንድ ሰዓት አቃጥለናል።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። ፕሮግራሙን የሸጠልን ድርጅት በላከልን የመጫኛ መመሪያ ላይ አድራሻውን ከመቀየር ጋር «ጂፒጂቼክ» የሚለውን ዜሮ እንድናደርግ ታዝዟል። ይህ ፓኬጁ በእርግጥ ከአዘጋጆቹ የመጣ መሆኑን የሚያረጋግጠውን የፊርማ ፍተሻ ማጥፋት ነው። የፊርማው ቁልፍ ሲስተሙ ሲጫን አብሮ ዲስኩ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ወደ ማኅደር መዛወር ፍተሻውን ለማጥፋት ምክንያት አይሆንም፤ እኛ ሳናጠፋው ሁሉም ያለ እንከን ተጭኗል። ዴቢያን በተባለው ሌላ ሊኑክስ አሮጌ ስሪት ላይም አንዳንዱ የሪሊዝ ፋይል (የማኅደሩን ይዘት የሚዘረዝረው) ቀኑ አልፏል ብሎ እንቢ ሲል የቀኑን ፍተሻ ብቻ ማላላት ይበቃል፤ ፊርማውን መንካት አያስፈልግም።

ሌላው መታወቅ ያለበት ማኅደሩ አዲስ የደኅንነት ማስተካከያ የማይጨመርበት መሆኑ ነው፤ «ያም አፕዴት» የተባለው የማዘመኛ ትእዛዝ ምንም የሚዘመን የለም ሲል ሰርቨሩ ደኅና ነው ማለት አይደለም። እኛ ለጊዜው የሚያስፈልጉንን ፓኬጆች «ሪፖሲንክ» በተባለው መገልበጫ መሣሪያ አንድ የውስጥ ማሽን ላይ ገልብጠን፣ የሂሳቡን ሰርቨር ከኢንተርኔት አውጥተን ከዚያው እንዲጭን አድርገናል። ሻጩ ድርጅትም ፕሮግራሙን በሚደገፍ ስሪት ላይ መቼ እንደሚያሠራልን በጽሑፍ ጠይቀናል፤ መልስ ገና አልደረሰንም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሲስተም አስተዳዳሪ፣ ከአዲስ አበባ