ለሂሩት፦ ስለ ሳይነስሽና ስለዚያ የመድኃኒት ክምር

ሂሩትዬ፣ እንደምን አለሽልኝ?

ከዚያ ሁሉ ዘመን ዝምታ በኋላ ድምፅሽን በስልኬ ስሰማ ደስታዬን ሳልጨርስ "ሳይነሴ ሊገድለኝ ነው" አልሽ። ያንቺ ነገር! ለዓመታት ጠፍተሽ ጠፍተሽ አፍንጫሽ ሲታፈን ታወስኩሽ። ማን ቀድሞ እንደጠፋ ሂሳብ አናወራርድ። ስራው፣ ልጆቹ፣ የማታ ፈረቃው፣ የሁላችንም ሰበብ አንድ ነው። ስለ እናትሽም፣ ስለ ሚኒሶታ ብርድም በሰፊው እናወራለን። መጀመሪያ ግን "ማስታገሻና አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት አብሮ ይወሰዳል ወይ?" ብለሽ የጠየቅሽኝን ልመልስ። በስልክ ብነግርሽ ግማሹን ትረሺዋለሽ። እኔም ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ ለሰው ሁሉ የምናገረውን ለጓደኛዬ አንድ ጊዜ በደንብ ብጽፈው ይሻለኛል።

በዚያው ሌሊት "ሁሉንም አቁሚ፣ አሁኑኑ መርዝ ቁጥጥር ደውዪ" ብዬ ቴክስት ያደረግኩልሽ አስደንግጦሻል፣ አውቃለሁ። ደውለሽ፣ ደም ተመርምረሽ፣ ጉበትሽ ደህና ነው መባሉን ስሰማ ነው እኔም የተነፈስኩት። የመርዝ ቁጥጥሩን፣ ስለ መመረዝ ምክር የሚሰጠውን የስልክ መስመር፣ ቁጥር ስልክሽ ላይ መዝግቢው፦ 1-800-222-1222። ሌት ተቀን ይሠራል፣ ነፃ ነው፣ አስተርጓሚም ያገናኙሻል። ለልጆቹም ይጠቅምሻል።

ለምን እንደደነገጥኩ ልንገርሽ። በቀን የምትወስጂውን ስትዘረዝሪልኝ ወረቀት አውጥቼ ደመርኩት። ጠዋት ሁለት ታይሌኖል ሳይነስ። ቀትር ላይ የቀኑን የጉንፋን ኪኒን፣ ዴይክዊልን፣ ሁለት፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ሌላ ሁለት። ስትተኚ የማታውን፣ ናይክዊልን፣ ሁለት። በመሃል ግንባርሽን ሲፈልጥሽ ባለ 500ውን ታይሌኖል ሁለት ሁለት፣ ቀን አንዴ፣ ማታ አንዴ። "የተለያየ መድኃኒት ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?" አልሽኝ። የተለያየው ካርቶኑ ብቻ ነው። አንዱን ወጥ በአራት ድስት ማቅረብ በይው። ሁሉም ውስጥ አሲታሚኖፌን አለ፣ አገር ቤት ፓራሲታሞል ወይም ፓናዶል የምንለው ራሱ። የታይሌኖል ሳይነስ፣ የዴይክዊልና የናይክዊል አንዱ ፍሬ 325 ሚሊግራም ይይዛል። ስምንቱ ፍሬ 2,600 ሆነ። ባለ 500ው አራት ፍሬ ሲጨመር ሌላ 2,000። ድምሩ 4,600 ሚሊግራም። ለጤነኛ ትልቅ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጣሪያው 4,000 ነው። የባለ 500ው ታይሌኖል ዕቃ ላይ የተጻፈው ደግሞ ዝቅ ያለ ነው፣ 3,000። እኔ ለቤተሰቤ የምነግረው ይሄንን ትንሹን ነው።

አሲታሚኖፌን በልኩ ሲወሰድ ጥሩ መድኃኒት ነው። ከልክ ሲያልፍ ግን ጉበት ላይ ያርፋል። እዚህ አሜሪካ በድንገት ጉበታቸው ሥራ ከሚያቆምባቸው ሰዎች መካከል ትልቁ መንስኤ እሱ ነው። ክፋቱ ቶሎ አለማሳወቁ ነው። መጀመሪያ ቀን ትንሽ ማቅለሽለሽ ብቻ ይኖራል፣ ወይ ምንም አይኖርም። ጉዳቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው። አልኮል አዘውትሮ የሚጠጣ ሰውማ ከነጭራሹ ሐኪም ሳይጠይቅ ባይወስደው ይመረጣል።

ስለዚህ ከእንግዲህ የፊት ለፊቱን ስም ተይው። ካርቶኑን ገልብጪና ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፉትን ንጥረ ነገሮች አንብቢ። አንድ ስም ሁለት ካርቶን ላይ ካየሽ አንዱን መልሺው። እናትሽ ከአዲስ አበባ ሲመጡ በሻንጣ ያመጡት ፓናዶልም ከሂሳቡ አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ማስታገሻና አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት አብሮ ይወሰዳል ወይ? ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው አዎ፣ ይወሰዳል። እንዲያውም አንድ ፍሬ ውስጥ ተዋህደው ይሸጣሉ። አድቪል ኮልድ ኤንድ ሳይነስ የሚባለው 200 ሚሊግራም አይቡፕሮፌንና 30 ሚሊግራም ሱዶኤፌድሪን ነው። ሁለት ማስታገሻ አብሮ መውሰድም ይቻላል፣ ዓይነታቸው ከተለያየ። አሲታሚኖፌንና አይቡፕሮፌን ሰውነት ውስጥ የሚሠሩበት መንገድ ስለሚለያይ አይጋጩም። ሁለቱን በአንድ ፍሬ የያዘ አድቪል በ2020 ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። የማይሆነው አንድ ዓይነቱን ደራርቦ መውሰድ ነው። አድቪል (አይቡፕሮፌን) እና አሊቭ (ናፕሮክሰን) ወንድማማች ናቸው፣ አስፕሪንም ዘመዳቸው ነው። ሁለቱን አብሮ የወሰደ ሰው ሕመሙ በእጥፍ አይቀንስለትም፣ ጨጓራው ነው በእጥፍ የሚቃጠለው።

ይሄ ሁሉ ግን ለሌላ ሰው ነው ሂሩትዬ። አንቺ ሊሲኖፕሪል የሚባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ትወስጃለሽ። ግፊትሽ አንዳንዴ 150 እንደሚደርስ ራስሽ ነግረሽኛል። ለዚህ ነው "አድቪል ልጨምርበት?" ስትይ አይሆንም ያልኩሽ። አይቡፕሮፌን ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የሊሲኖፕሪልን ሥራ ያዳክማል። ሁለቱ ሲገናኙ ኩላሊትም ይፈተናል። ውሃ የሚያሸና የግፊት መድኃኒት ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል። ባለፈው የቀየሩልሽ ኪኒን እሱ እንዳይሆን ጠርጥሬያለሁ።

ደግሞ ሁዳዴ ገብቷል። አንቺ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም እንደማትቀምሺ አውቃለሁ፣ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ እንደዚያው ነሽ። በባዶ ሆድ አይቡፕሮፌን መዋጥ ጨጓራን መለኮስ ነው። ጨጓራ እያለባቸው በጾም አድቪል የሚውጡ እናቶች ፋርማሲ ሲመጡ ስንቴ እንደተቆጣሁ! ይቅር ይበለኝ፣ የሰው እናት ነው የምቆጣው። አሲታሚኖፌን ግን በባዶ ሆድም ቢወሰድ ጨጓራ አይነካም። ላንቺ የተረፈው ማስታገሻ እሱ ነው፣ ብቻውን፣ በልኩ። ሐኪምሽ ጉበትሽን እንዳየና ፈቃድ እንደሰጠሽ ባለ 500ውን ሁለት፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከስድስት ፍሬ ሳያልፍ። ዴይክዊሉንና ናይክዊሉን መሳቢያ ውስጥ ቆልፊባቸው።

አፍንጫ ወደሚከፍቱት ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እናደዳለሁ። መደርደሪያ ላይ በግልጽ የሚሸጠው፣ ታይሌኖል ሳይነስሽና ዴይክዊልሽ ውስጥም ያለው፣ ፌኒልኤፍሪን ይባላል። በመስከረም 2023 የኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) አማካሪዎች ተሰብስበው ድምፅ ሰጡ። 16ቱም በአንድ ቃል "በአፍ ሲዋጥ አፍንጫ አይከፍትም" አሉ። በ2024 መጨረሻ ኤፍዲኤ ራሱ ከገበያ ይውጣ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ጎጂ ስለሆነ አይደለም፣ ስለማይሠራ ነው። ያን ሁሉ ብር የከፈልሽው ለዚህ ነው።

የሚሠራው ሱዶኤፌድሪን ነው፣ ዋናው ሱዳፌድ። እሱን ለማግኘት ወደኛ መስኮት መምጣት አለብሽ። መታወቂያ እናያለን፣ ስም እንመዘግባለን። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሕግ ነው። ሰዎች ከሱ ሜት የሚባለውን አደንዛዥ ዕፅ ስለሚሠሩበት በቀን ከ3.6 ግራም፣ በ30 ቀን ከ9 ግራም በላይ አይሸጥም። የኛ ሰው መታወቂያ ሲጠየቅ "ምን አጠፋሁ?" ብሎ ይደነግጣል። አንድ አዛውንትማ መድኃኒቱን ትተው ሄዱ፣ በረንዳ ድረስ ሮጬ ነው የመለስኳቸው።

ሥራው ቀላል ነው። አፍንጫ ውስጥ ያበጡትን የደም ሥሮች ያጠብባል። ችግሩ አፍንጫ ላይ አይቆምም። የሌላውንም አካል የደም ሥር ያጠብባል፣ ልብ ያስሮጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ግፊቱ ያልተረጋጋ፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ ግላኮማ ወይም እንቅርት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይነካውም። አንዳንድ የቆዩ የድብርት መድኃኒቶችም ከሱ ጋር በጣም አደገኛ ናቸው። ጫት የሚቅም ሰውም ይራቀው፣ ሁለቱም ልብን የሚያስጋልቡ ናቸው። ቡና ላይም እንደዚያው። ጤነኛ ብትሆኚ እንኳ ሱዳፌድ ውጠሽ አቦል ቶና በረካ ማለት እስኪነጋ ጣሪያ ማየት ነው። ክላሪቲን-ዲ፣ ዚርቴክ-ዲ፣ አሌግራ-ዲ የሚባሉት የአለርጂ መድኃኒቶች መጨረሻ ላይ ያለችው "ዲ" ራሷ ሱዶኤፌድሪን ናት። ለአለርጂ ብሎ እሱን የወሰደ ሰው ሱዳፌድ ከጨመረ ደረበ ማለት ነው። ባለቤትሽ ፕሮስቴት እንዳለበት ነግረሽኝ ነበር። ያንቺን ትርፍ ልውሰድ ቢል እንዳትሰጪው፣ ሽንቱ ሊዘጋበት ይችላል።

እና ምን ይቅረኝ? ትያለሽ። ሞልቶ!

የሳይነስ ሰው ከሁሉ በፊት አፍንጫውን በጨው ውሃ ይጠብ። ጠርሙሱም ዱቄቱም አንድ ላይ ይሸጣል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ የቧንቧ ውሃ በቀጥታ አፍንጫሽ ውስጥ እንዳታስገቢ። አልፎ አልፎ ውሃ ውስጥ የሚገኝ አሜባ አለ። ቢጠጡት ምንም አያደርግም፣ በአፍንጫ ከገባ ግን እስከ አንጎል ይደርሳል። ብርቅ ነው፣ ግን የያዘውን ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉ ይገድላል። የተጣራውን ዲስቲልድ ውሃ ግዢ፣ ወይም አንድ ደቂቃ አፍልተሽ አቀዝቅዢ። አዲስ አበባ ላሉት እህቶችሽ ስትነግሪ 3 ደቂቃ በያቸው። ከተማዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚያ ዝቅ ባለ ሙቀት ነው የሚፈላው።

ቀጥሎ ፍሎኔዝን የመሰለ በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት አለ። እሱ ግፊት አይጨምርም። ግን ትዕግስት ይፈልጋል፣ ሙሉ ሥራውን ለመሥራት ቀናት ይወስድበታል። አንዴ ነፍተሽ "አልሠራም" እንዳትዪኝ። አፍሪን የሚባለው የሚነፋ መድኃኒት ግን ሌላ ነው። ወዲያው ይከፍታል፣ ሰውም ይወደዋል። ከ3 ቀን ካለፈ ግን አፍንጫው እሱን ካላገኘ የማይከፈት ይሆናል። ወር ሙሉ በኪሳቸው ይዘውት የሚዞሩ ሰዎች አሉ፣ ያፈናቸው ራሱ አፍሪኑ መሆኑን ስነግራቸው አያምኑኝም። ለግፊት ሰውም ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጥም።

እናትሽ ባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተው በጋቢ ይሸፍኑሽ እንጂ። የሳይነሱን ምክንያት አያድንም፣ ግን ያሳርፋል። ድስቱን ብቻ ጭንሽ ላይ እንዳታስቀምጪው። ዝንጅብሉንም ጠጪ። ሻንጣው ውስጥ የቀረውን አሞክሳሲሊን ግን ተይው። አብዛኛው የሳይነስ ሕመም ከጉንፋን ቫይረስ የሚመጣ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ከ10 ቀን በላይ ምንም ለውጥ ከሌለው፣ ወይ ተሽሎሽ እንደገና ከባሰብሽ፣ ወይ 39 ዲግሪ ትኩሳትና መግል የመሰለ ፈሳሽ ለሦስት አራት ቀን ከቆየ፣ ያኔ ሐኪም አይቶ ይወስን። ዓይንሽ ዙሪያ ካበጠ፣ ሁለት ሁለት ካየሽ፣ አንገትሽ ከደረቀ ወይም ነገር መደባለቅና ግራ መጋባት ከጀመርሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል።

አንድ ሌላ ነገር ሲከነክነኝ አደረ። ስድስት ኪሎ ዶርም ሳለን መብራት አጥፊልኝ እያልሽ ፎጣ ዓይንሽ ላይ ጥለሽ የምትተኚባቸው ቀኖች ትዝ ይሉሻል? ሽታ ያስጠላሽ ነበር፣ ታስመልሺ ነበር። ያኔ "ሳይነስ ነው" ተባባልንና አለፍነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ሳይነስ አለብን የሚሉ ወይም ሐኪም እንደዚያ ያላቸው 2,991 ሰዎች ተመረመሩ። 88 በመቶዎቹ ምልክታቸው የማይግሬን ሆኖ ተገኘ። ማይግሬን አፍንጫን ሊያፍንም ሊያስፈስስም ይችላል፣ ለዚህ ነው የሚያሳስተው። ያንቺም እሱ ከሆነ ሳይነስ ሳይነስ እያልሽ የዋጥሽው ሁሉ አቅጣጫውን ስቷል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። ሐኪምሽ ጋ ስትሄጂ "ሳይነስ አለብኝ" ብለሽ እንዳትጀምሪ። የሚሰማሽን ብቻ ንገሪያቸው። መቼ እንደሚጀምር፣ ብርሃን ይረብሽሽ እንደሆነ፣ ያቅለሸልሽሽ እንደሆነ። ስሙን እነሱ ይስጡት።

ዛሬ ማታ የግፊት ኪኒኖችሽን ዕቃ ሁሉ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ጽሑፉ ይታይ። አዲሱ ውሃ የሚያሸናው መሆን አለመሆኑን አየዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ የለኝም፣ እደውላለሁ። የእናትሽንም መድኃኒቶች አጠገብሽ አድርጊ፣ እሳቸውንም እንጠይቃለን። ከዚያ በኋላ ሐሜቱ ይቀጥላል፣ የብዙ ዓመት ተጠራቅሟል።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ለእማማም እጅ ነሳሁ በያቸው።

ያንቺው
ሰናይት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ