ደብዳቤ ለልጄ፦ «እምቢ አላለችም» ስላልኸኝ

ውድ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህ፣ እሑድ ዕለት በስልክ የመለስህልኝ አንድ ቃል ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ዝውውር የጠየቀችውን ወጣት ሠራተኛ ስልክ ቁጥር ከማኅደሯ ላይ ወስደህ ማታ ማታ እንደምትደውልላት፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ እንድታገኝህም ደጋግመህ እንደጠየቅሃት ከእህትህ የሰማሁትን አንድ በአንድ ስነግርህ አልካድህም። «እማዬ፣ እርሷ እኮ እምቢ አላለችም» አልኸኝ። ሐሰት ነው ብትለኝ ኖሮ ባመንሁህ ነበር፤ አንተን ማመን ከልጅነትህ ጀምሮ የለመድሁት ነገር ነውና። እህትህን ግን እንዳትቆጣት፤ የነገረችኝ ስለምትወድህ ነው።

ልጄ፣ ጉዳይዋ በእጅህ ያለ ሴት ዝም ስላለች ፈቀደች አትበል። ያቺ ልጅ አንተን ስታይ የምታየው ፊርማህን ነው። ስልኩን ባላነሣ ማመልከቻዬ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል ብላ ትሰጋለች፤ አንሥታ በትሕትና ስታናግርህ ደግሞ አንተ ጨዋነቷን እንደ ፈቃድ ትቆጥረዋለህ። እንግዲህ በየትኛው በር ትውጣ?

የሰው ሀብት ቡድን መሪ ነህና ሕጉን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ ብዬ ነበር። ቢሆንም እህትህ አትማ አመጣችልኝና መነጽሬን አድርጌ ሁለት ሌሊት አነበብሁት። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ቀልድ አላለፈውም፤ ሴቲቱ ሳትፈልግ መሳምን፣ መጎንተልን፣ ሰውነቷን መነካካትን፣ መከታተልንና መንገድ መዝጋትን ይጠቅስ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅጥርን፣ የደረጃ እድገትን፣ ዝውውርን፣ ሥልጠናንና ትምህርትን የወሲብ መደራደሪያ ማድረግን ለይቶ ያነሣ ነበር። ዝውውር የሚለውን ቃል ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። በሥራ ቦታ እንዲህ ያለውን የፈጸመ ሠራተኛ ጥፋቱ ከከባድ የዲሲፕሊን ጥፋቶች ይቆጠር ነበር፤ ቅጣቱም ከሥራ እስከ መሰናበት ይደርስ ነበር። ያ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል፤ ቁጥሩ ቢለወጥም አንተ የያዝኸው መንገድ የተፈቀደ አይሆንም።

የወንጀል ሕጉንም አንብብ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625 በሴት ችግር ወይም በኃላፊነቱና በአሠሪነቱ በእርሷ ላይ ያለውን ሥልጣን ተጠቅሞ ግብረ ሥጋ ወይም ሌላ የብልግና ድርጊት የፈጸመ ሰው፣ አቤቱታ ሲቀርብበት በቀላል እስራት እንደሚቀጣ ይናገራል። ቀላል የሚለው ቃል እንዳያታልልህ። አንተ እዚያ አልደረስህም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ነገር ግን አንቀጹን ደጋግሜ ሳነብ የገባኝ ነገር አለ፤ ሕጉ እርሷ እምቢ ማለቷን አልጠየቀም። የጠየቀው ሰውዬው በምን እንደተጠቀመ ነው። ጉዳዩ በአቤቱታ የሚንቀሳቀስ በመሆኑም ስንቱ ሽማግሌ ልኮ፣ አስለምኖ፣ ተበዳይዋን አፏን እንዳስያዘ አውቃለሁ። አንተ ሽማግሌ አትላክ። አጎትህ አማላጅ ልሁን ቢልህም እሺ አትበለው።

ስለ መንገድ መዝጋት የሚለውን ሳነብ ግን አዋጁን አጥፌ አለቀስሁ። ታይፒስት ሆኜ እሠራበት የነበረውን መሥሪያ ቤት ታስታውሰዋለህ፤ ከእኔ ጎን ትቀመጥ የነበረችውንና አንተን አዝላ ታስተኛህ የነበረችውን ልጅ ግን አታስታውሳትም፤ ገና ሁለት ዓመትህ ነበርና። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የክፍሉ ኃላፊ በሩን በክንዱ ዘግቶ፣ እርሷ ፋይሉን ደረቷ ላይ አቅፋ በክንዱ ሥር ለማለፍ ስትጎነበስ አየሁ። እርሷም እንዳየሁ አየች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እድገቷን ከለከላት፤ ከሰሰችው፤ ኮሚቴው እኔን ለምስክርነት ጠራኝ። አባትህ ከሥራ ወጥተው ቤት የተቀመጡበት፣ አንተም ታምመህ በሐኪም ትመላለስ የነበረበት ጊዜ ነበር። «አላየሁም» አልሁ። ቃሌን ራሴ በጽሕፈት መኪናዬ ጽፌ ፈረምሁበት። ክሱ በማስረጃ እጦት ተዘጋ፤ እርሷም ብዙ ሳትቆይ ሥራውን ለቀቀች፤ ስትሰናበተኝ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣትም። ያ «አላየሁም» ደመወዜን አተረፈልኝ፤ አንተም ያደግኸው በዚያ ደመወዝ ነው። ይህን ለአባትህ እንኳ ሳልነግራቸው ዐርፈዋል።

ኮሚቴው ፊት ያ ሰው ምን ብሎ እንደተከራከረ ታውቃለህ? «አንድም ቀን እምቢ ብላኝ አታውቅም» ነበር ያለው። እሑድ ዕለት የሰማሁት የአንተን ድምፅ ይሁን የእርሱን መለየት ያቃተኝ ለዚህ ነው።

አሁን የምነግርህን ፈጽም። ነገ ጠዋት ማኅደሯን ለሌላ የሥራ ባልደረባህ በጽሑፍ አስረክብ፤ ምክንያቱን ለበላይህ ንገር እንጂ «ሥራ በዝቶብኝ» ብለህ አትሸፋፍን። ስልክ ቁጥሯን ከስልክህ አጥፋ፤ የተላላክኸውን መልእክት ግን አታጥፋ፤ እርሷ አቤት ብትል ማስረጃ ነውና። ይቅርታ ልጠይቅ ብለህም እንዳትደውልላት፤ ያንተ ጥሪ ራሱ ያስደነግጣታልና፣ ይቅርታህን በኮሚቴው ወይም በበላይህ በኩል አድርገው። ዝውውሯም በአንተ ምክንያት አንዲት ቀን እንዳይዘገይ። ባለጉዳይ ስታነጋግር በርህ ክፍት ይሁን። የደም ግፊት መድኃኒትህንም አታቋርጥ፤ ስትናደድ እንደምትረሳው አውቃለሁ።

ደግሜ እልሃለሁ፣ ጉዳይዋ በእጅህ ያለ ሴት ዝም ስላለች ፈቀደች አትበል። አንተ ልጅ ሳለህ ጥፋት ስታጠፋ ዝም ብለህ ጥግ ትይዝ ነበር፤ ያን ጊዜ ዝምታህ ፍርሃት መሆኑን ለማወቅ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም።

እወድሃለሁ፤ ከሥራ ብትወጣም፣ ብትታሰርም በሬ ክፍት ነው፤ ስንቅ ይዤም እመጣለሁ። ነገር ግን ያቺ ልጅ ብትከስስህና ኮሚቴው ቢጠራኝ፣ እሑድ ዕለት ከአፍህ የሰማሁትን እንደ ሰማሁት እናገራለሁ። ይህን ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ አስቀድሜ ጻፍሁልህ። ማኅደሩን ያስረከብህበትን ደብዳቤ ቅጂ ለእህትህ ስጣት፤ ታመጣልኛለች።

እናትህ