ነጥቡ ከፖስተሩ ወደ ዕቅዱ ይዙር

ለ፦ የአንደኛ ደረጃ ሳይንስ ሥርዓተ ትምህርትና ምዘና ኃላፊዎች
ጉዳዩ፦ የተማሪዎችን የምርመራ ፕሮጀክት ዕቅድ ይመለከታል

በሳይንስ ፕሮጀክት ብዙ ጊዜ ነጥብ የሚሰበስበው ያማረው ፖስተር ነው። ዕቅዱ ሥራው ካለቀ በኋላ ለማሟያ ያህል ይጻፋል። የምንጠይቀው ይህ እንዲገለበጥ ነው፦ ተማሪው ዕቃ ከመንካቱ በፊት የሚጽፈው ዕቅድ ራሱን የቻለ ነጥብ ይኑረው፤ ከጠቅላላው ግማሹን ቢይዝ አይበዛበትም። ለዝግጅቱም ቢያንስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይመደብለት።

ምክንያታችንን በፔንዱለም፣ ማለትም በክር ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ በሚወዛወዝ ክብደት፣ እናሳይ። ክር፣ ጥቂት ዳዶ፣ ማስመሪያና ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ይበቃል። «ፔንዱለም እንዴት ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ምን እንደሚለካ አይናገርም። «ክሩ ሲረዝም አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ ምን ይሆናል?» ሲባል ግን የሚቀየረውም የሚለካውም ቁልጭ ይላል። «ተለዋዋጭ» የሚለውን ቃል መሸምደድ ለልጅ የሚጨምርለት ነገር የለም። ምኑን እቀይራለሁ? ምኑን እለካለሁ? ምኑን አልነካም? እነዚህን ከመለሰ በቂ ነው።

ዕቅድ የሚፈተነው አለካኩ ላይ ነው። ክሩ ከታሰረበት እስከ ዳዶው መሀል 25 ሴንቲሜትር ሲሆን አንድ ምልልስ 1 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ልጁ ሰዓቱን ሲያስነሳና ሲያቆም እጁ መቅደሙ ወይም መዘግየቱ አይቀርም፤ በ1 ሰከንድ ላይ ደግሞ ያ ስሕተት ትንሽ አይደለም። ስለዚህ 10 ምልልስ ቆጥሮ ጊዜውን ለ10 ያካፍል፤ ሦስት ጊዜም ይድገመው። ሲለቅ «ዜሮ» ብሎ ይጀምር፤ «አንድ» ብሎ ከጀመረ 9ኙን ምልልስ 10 ብሎ ይመዘግባል። ርዝመቶቹም ይራራቁ፦ 25፣ 50 እና 100 ሴንቲሜትር። በ100 ላይ 2 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። 25ን ከ30 ጋር ያነጻጸረ ቡድን የሚፈልገው ልዩነት በምልልስ 0.1 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ምልልስ ብቻ ከለካ በእጅ ስሕተት ይዋጥበታል።

ከሁሉ የባሰው የክብደት ጥያቄ ነው። ልጆች ክብደት ለመጨመር ሁለተኛውን ዳዶ ከመጀመሪያው ሥር፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው ሥር ያንጠለጥላሉ። ያን ጊዜ ክብደቱ መጨመሩ ብቻ ሳይሆን ፔንዱለሙም ይረዝማል፣ ይዘገያልም፤ እነሱም «ክብደት ያዘገያል» ብለው ይደመድማሉ። ዳዶዎቹ ሁሉ አንድ መንጠቆ ላይ ጎን ለጎን ቢሰቀሉ ግን ጊዜው አይለወጥም ነበር። ይህን ስሕተት ፖስተሩ ይሸፍነዋል፤ በዕቅዱ ላይ የተሳለ ንድፍ ካለ ግን መምህሩ አንዴ አይቶ ይይዘዋል። ንድፉ ግዴታ ይሁን የምንለው ለዚህ ነው።

የዕፅዋት ፕሮጀክትም የራሱ ወጥመድ አለው። ጨለማ ውስጥ የበቀለ ባቄላ ብርሃን ካገኘው ይልቅ ይረዝማል። ቁመት ብቻ የለካ ተማሪ «ጨለማ ይሻላል» ቢል የለካው ቁጥር አይዋሽም፤ የጎደለው የቅጠሉን ቀለምና ስፋት ለመመዝገብ ማቀድ ነው። ደግሞም በየሁኔታው አንድ ዘር ብቻ መዝራት አያዋጣም፣ ያ ዘር ካልበቀለ ጥፋቱ የብርሃኑ ይሁን የዘሩ አይታወቅም። አምስት አምስት ቢዘራ ይሻላል።

መላምቱ ባይሳካ ነጥብ እንዳይቀነስ በመምህሩ መምሪያ በግልጽ ይጻፍ። መቀነስ ካለ ልጁ ቁጥሩን ወደ መላምቱ ይጎትታል፤ ፈርተን ሳይሆን አይተን ነው የምንለው።

ስለዚህ በመምሪያው ውስጥ አንድ ገጽ የዕቅድ ቅጽ እንዲካተት እንጠይቃለን፦ ጥያቄው፣ ሦስቱ «ምኑን»ዎች፣ መላምት ከነምክንያቱ፣ ንድፍ፣ የዕቃ ዝርዝር ከነመጠኑ፣ ገና ያልተሞላ የመመዝገቢያ ሠንጠረዥ። መምህሩ አስተያየት ጽፎ ይመልሰው፣ ቡድኑ ያርመው፣ ከዚያ ይፈረምበት። ያልተፈረመ ዕቅድ የያዘ ቡድን ዕቃ አይረከብ።

ከአክብሮት ጋር
የአንደኛ ደረጃ ሳይንስ መምህራን