አንገቴ ላይ ያለችው ጠባሳ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የታይሮይድ ዕጢዬ በካንሰር ምክንያት በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። አንገቴ ሥር የጣት ርዝመት ያላት ጠባሳ አለች። በየጠዋቱ በባዶ ሆዴ የሆርሞን ኪኒን እውጣለሁ።

ሰሞኑን ወንድሜ ብርጭቆ ይዞልኝ መጣ። «መጠጥ የታይሮይድ ካንሰርን ይከላከላል አሉ፤ በይ ቅመሺ!» አለኝ።

ወሬው ከመሬት አልተነሳም። አንዳንድ ጥናቶች ይህ ካንሰር በሚጠጡ ሰዎች ላይ በመጠኑ አንሶ አግኝተውታል። ግን አብሮ መታየት ሌላ፣ መከላከል ሌላ ነው። ያው መጠጥ እኮ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል። ጉሮሮን፣ ጉበትን፣ አንጀትን፣ ጡትን ያጠቃል። አንድ ዕጢ አጥቻለሁ፤ ሌላ መጨመር አልፈልግም። ብርጭቆውን መለስኩለት።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ዜና ስታወጡ ቀሪውንም ግማሽ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ