«ፎርፌ» ሁሉ አንድ አይደለም

ለተከበረው የስፖርት ዝግጅት ክፍል፤

«እገሌ በፎርፌ ወደ ሩብ ፍጻሜ አለፈ።» የታላላቅ ውድድሮች የወንዶች ነጠላ ቴኒስ ውጤት በጋዜጣችሁ ሲወጣ ይህን መሰል ዓረፍተ ነገር ደጋግመን እናነባለን። ቃሉን ከእግር ኳስ እናውቀዋለን፤ ቡድኑ ሳይመጣ ሲቀር ፎርፌ ይባላል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። በቴኒስ ግን ይኸው ቃል ፈጽሞ የማይገናኙ ሦስት ነገሮችን ጠቅልሎ እየያዘ አንባቢን ያሳስታል።

የመጀመሪያው ተጫዋቹ ጨዋታው ሳይጀመር ሲቀር ነው። ተጋጣሚው ወደሚቀጥለው ዙር ያልፋል፣ የዙሩን የዓለም ደረጃ ነጥብና ገንዘብም ይወስዳል፤ ነገር ግን ድል ተብሎ አይመዘገብለትም፣ በቀረውም ላይ ሽንፈት አይጻፍበትም። እ.ኤ.አ. በ2014 ለንደን ላይ በተደረገው የዓመቱ ማጠቃለያ ውድድር ሮጀር ፌደረር በጀርባ ጉዳት ምክንያት ለፍጻሜው አልቀረበም፤ ዋንጫው ለኖቫክ ጆኮቪች ተሰጠ። ሁለቱ እርስ በርስ ያደረጓቸው ጨዋታዎች ሲቆጠሩ ግን ይህኛው አይገባም። ፎርፌ የሚለው ቃል የሚስማማው ለዚህ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ማቋረጥ ነው። እዚህ ድሉም ሽንፈቱም ሙሉ ነው፣ ውጤቱም በቆመበት ይጻፋል፤ «6-4፣ 2-1 (አቋረጠ)» ተብሎ። ፌደረር ከ1,500 በላይ ጨዋታዎች አድርጎ አንዱንም አላቋረጠም። ለሁለቱም «ፎርፌ» ከተባለ ይህ እውነትና የ2014ቱ ፍጻሜ እርስ በርስ የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ቃሉ ሲለይ ግን ምንም ጠብ የለም።

ሦስተኛው ከጨዋታ መባረር ነው። በ2020 የአሜሪካ ኦፕን አራተኛ ዙር ጆኮቪች በንዴት የመታት ኳስ የመስመር ዳኛዋን ጉሮሮ ላይ አገኘቻት። ተጋጣሚው ፓብሎ ካሬኞ ቡስታ በመጀመሪያው ሰት (የጨዋታው ክፍል) 6-5 እየመራ ሳለ ጨዋታው በዚያው ተዘጋ። ጆኮቪች በውድድሩ ያገኘውን ነጥብ አጣ፣ የሽልማቱ ገንዘብም በቅጣት ተያዘበት። ይህን ከሕመም ጋር በአንድ ቃል መጥራት ለታመመውም ለተቀጣውም ፍትሕ አይደለም።

ሌላው በብዙ ዘገባዎች የሚምታታው «አንደኛ ሲድ» እና «የዓለም ቁጥር አንድ» ነው። ሲድ ማለት ጠንካሮቹ ገና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች እንዳይገናኙ በደረጃው መሠረት ቁጥር ተሰጥቶት በድልድሉ ላይ ተለይቶ የሚቀመጥ ተጫዋች ነው፤ የሚወጣውም ለዚያ ውድድር ከቀረቡት መካከል ነው። የዓለም አንደኛው ካልመጣ፣ ሁለተኛው አንደኛ ሲድ ይሆናል። የሲድ ቦታ ደግሞ ከስም ፊት የሚለጠፍ ጌጥ ሳይሆን የውድድሩ አጥንት ነው። በግራንድ ስላም፣ ማለትም በአራቱ ታላላቅ ውድድሮች፣ ድልድል 128 መስመሮች (የስም ቦታዎች) እና 32 ሲዶች አሉ። አንደኛው ሲድ ከላይ በመጀመሪያው መስመር፣ ሁለተኛው ከታች በመጨረሻው መስመር ያለ ዕጣ ይቀመጣሉ። ሦስተኛውና አራተኛው በዕጣ አንዱ ወደ ላይኛው፣ ሌላው ወደ ታችኛው አጋማሽ ይሄዳሉ። ከ5 እስከ 8 ያሉት በየሩቡ አንድ አንድ ይደርሳቸዋል፤ የቀሩትም በቡድን በቡድን እየሆኑ ዕጣ ይወጣላቸዋል። በዚህ አሠራር ሁለት ሲዶች ከሦስተኛው ዙር በፊት አይገናኙም። እንግዲህ «አንደኛው ሲድ ዕድል ቀንቶት በሦስተኛው ዙር ደካማ ሲድ ደረሰው» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ ከ1 እስከ 8 ያሉት በዚያ ዙር ሲድ ቢደርሳቸው ከ25 እስከ 32 ካሉት አንዱ እንዲሆን ደንቡ ራሱ ያዛል። እውነተኛው ዕድል ያለው ሲድ ባልሆኑት 96 ስሞች ላይ ነው፤ ሲድነት ለጥቂት ያመለጠው ተጫዋች በመጀመሪያው ዙር ከአንደኛው ሲድ ጋር ሊፋጠጥ ይችላል።

የዕጣው ሰዓት ምን ያህል እንደሚመዝን የ2017ቱ የአሜሪካ ኦፕን ያሳያል። ራፋኤል ናዳል አንደኛ፣ አንዲ ሙሬይ ሁለተኛ፣ ፌደረር ሦስተኛ ሲድ ነበሩ። ዕጣው ዓርብ ወጣ፤ ፌደረር ከናዳል ጋር በላይኛው አጋማሽ ወደቀ። በማግሥቱ ሙሬይ በጉዳት ራሱን አገለለ። ዕጣ ከወጣ በኋላ ሁሉም አንድ አንድ ደረጃ አይሸጋሸግም፤ አምስተኛው ሲድ ማሪን ቺሊች ወደ ሙሬይ መስመር፣ 17ኛው ሲድ ሳም ኩዌሪ ወደ ቺሊች መስመር ተዛወሩ፣ ፌደረር ግን ካለበት አልተንቀሳቀሰም። ሙሬይ ከዕጣው በፊት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ፌደረር ሁለተኛ ሲድ ሆኖ በታችኛው ጫፍ ይቀመጥ፣ ከናዳልም ጋር ከፍጻሜ በፊት መገናኘት አይችልም ነበር። በታችኛው አጋማሽ በኩል ለፍጻሜ የደረሰው 28ኛው ሲድ ኬቨን አንደርሰን ነው። ዜናው «ሙሬይ ወጣ» ብሎ ካቆመ ይህ ሁሉ ይቀራል።

ከስም ፊት የሚቀመጡትን ምልክቶችም እባካችሁ አትጣሏቸው። ከ128ቱ 104ቱ በደረጃቸው በቀጥታ ይገባሉ፣ 16ቱ ከማጣሪያ ይመጣሉ፣ 8ቱ የውድድሩ ግብዣ ማለትም ዋይልድ ካርድ ይሰጣቸዋል። «ማ»፣ «ግ» እና «ተ» የሚሉ ትንንሽ ፊደላት ለማጣሪያ፣ ለግብዣና ለተተኪ ይበቃሉ። ከማጣሪያ የመጣ ሰው ዋናው ውድድር ሳይጀመር ሦስት ጨዋታ አሸንፏል፤ ድካሙንም ሜዳውን መልመዱንም ይዞ ይገባል። አስላን ካራትሴቭ በ2021 የአውስትራሊያ ኦፕን በዚህ በር ገብቶ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል። ጎራን ኢቫኒሴቪች በ2001 ዊምብልደንን ያሸነፈው በዓለም 125ኛ ሆኖ፣ በግብዣ ገብቶ ነው።

በጣም የሚያደናግረው ተተኪው ነው። በማጣሪያው የመጨረሻ ዙር የተሸነፈ ተጫዋች፣ ከዋናው ድልድል ሰው ሲጎድል ይገባል። ሊዮናርዶ ማየር በ2017 ሃምቡርግ ላይ በማጣሪያ ተሸንፎ፣ በተተኪነት ገብቶ ዋንጫውን ወሰደ። ቅዳሜ «ተሰናበተ» የተባለ ስም ማክሰኞ በአሸናፊነት ሲወጣ፣ ምልክቱን ያላየ አንባቢ ጋዜጣው የተሳሳተ ይመስለዋል። ከ2018 ጀምሮ በግራንድ ስላም ተጎድቶ በቦታው ላይ ራሱን የሚያገል ተጫዋች የመጀመሪያውን ዙር ክፍያ ግማሽ ያገኛል፣ ሌላው ግማሽ ለተተኪው ይሆናል። ጉዳተኞች ለገንዘቡ ሲሉ ብቻ ሜዳ ገብተው እንዳያቋርጡ የታሰበ ደንብ ነው፤ «አቋረጠ» የሚለውን ቃል በትክክል መጻፍም ለዚህ ይጠቅማል።

በትንንሾቹ ውድድሮች ድልድሉ 28 ሰው ብቻ ሲሆን፣ ከ32 መስመር አራቱ ባዶ ስለሚቀሩ የመጀመሪያዎቹ አራት ሲዶች አራፊ ይሆናሉ፤ ሳይጫወቱ ወደ ሁለተኛው ዙር ያልፋሉ ማለት ነው። «የመጀመሪያውን ዙር አሸንፎ» አይባልላቸውም። አራፊ ሆኖ ሁለተኛው ዙር ላይ የተሸነፈ ተጫዋች የሚያገኘው ነጥብም በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈ ሰው የሚያገኘውን ነው።

የታይብሬክ (ሰቱ 6-6 ሲሆን የሚደረገው መለያ) አጻጻፍን በተመለከተ፣ ከግራንድ ስላም የመጨረሻ ሰት በስተቀር «7-6 (4)» ሲባል በቅንፍ ያለው የተሸናፊው ነጥብ ነው፤ 7 ለ 4 ማለት ነው። «7-6 (9)» ደግሞ 11 ለ 9 ነው፤ ቢያንስ 7 መድረስና በሁለት መብለጥ ግድ ስለሆነ።

የ128ቱን ስም ሙሉ ሰንጠረዥ ለማውጣት ቦታ ከጠበበ፣ አራተኛው ዙር ሲደርስ 16ቱን ስሞች በድልድሉ ቅደም ተከተል፣ ከነሲድ ቁጥራቸውና ከነምልክታቸው፣ በየሩቡ አራት አራት አድርጋችሁ አውጡልን። በፊደል ተራ ወይም በዓለም ደረጃ መደርደር ግን ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ያጠፋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቴኒስ ገጻችሁ ቋሚ አንባቢ